ለቆራሌ የሸጥኩት የአባዬ ጣሳ

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ካልነገርኳችሁ ደግሞ እኔ እፈነዳለሁ!

ጉለሌ ያለችውን የቤታችንን የህንፃ መሣሪያ ሱቅ ታውቋታላችሁ። አያቴ ሚስማር በኪሎ እየመዘነ የጀመራት፣ አባዬ ቁልፍና ቧንቧ የጨመረባት፣ እኔ ደግሞ ቲክቶክ የከፈትኩላት።

አባዬ ሊያርፍ ነው። "ከሰኞ ጀምሮ ሱቁ ያንቺ ነው" ብሎኛል። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ጠዋት ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ ሱቁን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔም ዕድሉን ላለማባከን ቪዲዮ ልሠራ ተነሳሁ፤ ሱቃችን ከመጽዳቱ በፊትና ከጸዳ በኋላ።

ባንኮኒው ሥር አንድ ትልቅ የቀለም ጣሳ አለ። አፉ ድረስ ዝገት ሞልቶታል፤ የተሰበረ የቧንቧ አንገት፣ ግማሽ የበር ቁልፍ፣ ጥርሱ ያለቀ ብሎን። ሁሉም ላይ ሽቦ ታስሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ያናድደኛል።

ልክ በዚያች ደቂቃ ከውጭ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሸጥኩት።

በብሩም ማኪያቶ ጠጣሁበት!

አባዬ ሲመለስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቧንቧቸው ያፈሳል። ምን ዓይነት እንደሆነ ብጠይቃቸው "አባትሽ ያውቀዋል" ብለውኛል።

አባዬ ስለ ለቅሶው እያወራቸው፣ ሳያይ እጁን ባንኮኒው ሥር ሰደደ።

እጁ እዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ቤቶች ያረጁ ናቸው፤ ቧንቧቸውም ቁልፋቸውም የዘመኑ ልክ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ሰው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሱቃችን ትቶ ይሄዳል። በሌላ ጊዜ ባዶ እጁን ይመጣል፣ አባዬ የእሱን ከጣሳው አውጥቶ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል። የማን እንደሆነ የሚያውቀው በሽቦው አስተሳሰር ነው። ይህን የጀመረው አያቴ ነው። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ስላደግኩ ቆሻሻ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ለካ የሸጥኩት ሰፈሩን በሙሉ ነው!

እዚያው እትዬ ዘነበች ፊት ተናዘዝኩ። አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"የአባቴ እጅ ነበረበት" አለ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ሮጥኩ። ቆራሌውን ሸጎሌ አካባቢ አገኘሁት፤ ጆንያውን ሊያስረክብ ወረፋ ይዟል። ለምኜ አስፈታሁት። በነጭ ሱሪዬ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሽቦ የታሰረበትን ሁሉ ወደ ጣሳው መልሼ ስለቅም አንዷ ለጓደኛዋ "ይቺ ቲክቶክ ላይ ያለችው ልጅ አይደለችም?" ስትል ሰማሁ።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ሰላም ብያለሁ።

ሱቅ ስመለስ አባዬ አንድ በአንድ እያነሳ ለየው። ይሄ የእትዬ ዘነበች፣ ይሄ የልብስ ሰፊው፣ ይሄ የእኛ አይደለም። አያቴ ያሰረው ላይ ሲደርስ በመዳፉ ይጠርገዋል። እኔም ዓይኔ ውስጥ ዝገት ገባ እንበል።

እትዬ ዘነበች ልካቸውን ይዘው ሲወጡ "አይዞሽ ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ" አሉኝ።

ስንዘጋ አባዬ የሱቁን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። "ቃሌን አላጥፍም፤ ከሰኞ ጀምሮ ያንቺ ነው" አለኝ። አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

ከዚያ ጣሳውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወደ ቤት ሄደ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ አሁን እኔ ሱቁን ተረክቤያለሁ?