ጋሼ ኢላማ እና ነጯ ነጥብ

(የጥበቃ ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፤ የአንደኛው እግር በጡብ ተደግፏል። በመስኮቱ ሰፊ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ የመጋዘን አጥር ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ጥይት የሌለው ጠመንጃ በሁለት የአሸዋ ከረጢት ላይ ተጋድሟል፤ መዝጊያው ወጥቶ ከጎኑ ተቀምጧል። ከላዩ አሮጌ ስኮፕ፣ የሩቁን አጉልቶ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ እየተገጠመ ነው። ጋሼ ኢላማ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ዘበኛ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ቀስበቀስ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ ከገባ ስምንት ወሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተኩስ ፈተና አለ። ከአምስት ጥይት ሦስቱን ያልመታ ዩኒፎርሙን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።)

ኢላማ፦ አጥብቀው አልኩህ።

ቀስበቀስ፦ ጋሼ፣ ብሎኑ ጮኸ።

ኢላማ፦ ይጩህ። ያልጮኸ ብሎን አልጠበቀም።

ቀስበቀስ፦ አንዱን ብቻ ከምናንቀው ሁሉንም በየተራ ትንሽ ትንሽ ብናጠብቅ...

ኢላማ፦ ትንሽ ትንሽ የሚባለው ለጨው ነው። (ካቻቢቴውን ይነጥቀዋል፤ ደም ሥሩ እስኪገተር ያጠብቃል።)

ቀስበቀስ፦ ቱቦው ጎበጠ እንዴ?

ኢላማ፦ የጎበጠው አንተ የቆምክበት ቦታ ነው። (መስታወቱ ላይ እንትፍ ብሎ በእጅጌው ይወለውለዋል።)

ቀስበቀስ፦ አቧራ አለበት እኮ። መጀመሪያ እፍ ቢሉበት ይሻላል፤ አሸዋው መስታወቱን ይፍቀዋል።

ኢላማ፦ የተፋቀ ነገር ይጠራል። ድስት አይተህ አታውቅም? (ዓይኑን ስኮፑ ላይ ይለጥፋል።)

ቀስበቀስ፦ እንደዚያ ከተጠጉት ሲተኮስ ወደ ኋላ መጥቶ ቅንድብዎን ይከፍለዋል። አራት ጣት ያህል ራቅ ቢሉ።

ኢላማ፦ ጠመንጃ እኔን አይመታም። ሃያ ሁለት ዓመት ተዋውቀናል። ይልቅ አፍህን ዘግተህ ተማር። አሁን ከኋላ፣ መዝጊያው በወጣበት በኩል፣ በአፈሙዙ ቀዳዳ አያለሁ፤ አንድ ምልክት እመርጣለሁ። ከዚያ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ በስኮፑ አያለሁ። መስታወቱ ውስጥ ያለው መስቀል ያችው ምልክት ላይ እስኪያርፍ ቁልፉን አዞራለሁ። አለቀ።

ቀስበቀስ፦ እሱስ ልክ ነው።

ኢላማ፦ ልክ መሆኑን ከአንተ ልስማ? (አጎንብሶ በቀዳዳው ያያል።) አገኘኋት። አጥሩ ሥር ያለችው ነጭ ነጥብ። አምና ኖራ ሲቀቡ የተንጠባጠበች ናት።

ቀስበቀስ፦ ጋሼ፣ እሷ እኮ...

ኢላማ፦ ዝም። (ወደ ስኮፑ ይዞራል፤ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።) ግራ ናት። መጣች። መጣች። ቁጭ አለች። አሁን በቀዳዳው ላረጋግጥ... እንዴ፣ ወደ ቀኝ ሄዳለች።

ቀስበቀስ፦ ሄዳለች፤ እውነትዎን ነው።

ኢላማ፦ ጠመንጃውን ነካኸው?

ቀስበቀስ፦ ኧረ አልነካሁም።

ኢላማ፦ ተንፍሰህበታል ማለት ነው። ራቅ በል። (እንደገና ያዞራል።) ይቺ ነጥብ ምን ሆናለች? እኔ ወደ ቀኝ ስመጣ እሷ ወደ ግራ።

ቀስበቀስ፦ ርቧት ይሆናል።

ኢላማ፦ ማን?

ቀስበቀስ፦ ነጥቧ።

ኢላማ፦ (በሐዘኔታ ያየዋል።) እህትህ በልጅነቱ ከአልጋ ወድቋል ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። (በስኮፑ ያያል።) አሁን ደግሞ ጭራሽ ጠፋች። ዝናብ ሳይዘንብ ኖራ ይጠፋል?

ቀስበቀስ፦ ከውሃው ታንከር ጀርባ ገብታ ነው። እዚያ ቅጠል አለ።

(ከውጭ የፍየል ድምፅ ይሰማል። ኢላማ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ኢላማ፦ ፍየል ናት?

ቀስበቀስ፦ የጽዳቷ ሴትዮ ፍየል ናት።

ኢላማ፦ ለምን አትነግረኝም?

ቀስበቀስ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ዝም በል ይሉኛል።

ኢላማ፦ እንዲሁ በባዶ ዓይንህ ፍየል መሆኗ ይታይሃል?

ቀስበቀስ፦ ጢሟ ጭምር።

(ኢላማ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።)

ኢላማ፦ ስማ፣ ለማንም እንዳትነግር። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ ጉም ነው። ኃላፊውን ራሱ የምለየው በሳሉ ነው። ዛሬ ከወደቅኩ መባረሩ ይቅር፤ ለእህትህ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ቤት ውስጥ መርፌ ከወደቀ የማገኘው እኔ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ፎከርኩባት። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።

(ቀስበቀስ መስኮቱን ያያል፣ በሩን ያያል። ትልቅ ኪሳራ እንደገባው ሰው ይተነፍሳል።)

ቀስበቀስ፦ አንጀቴን በሉት። ይነሱ እስቲ፤ ካቻቢቴውን ይስጡኝ።

ኢላማ፦ አንተ ደግሞ ምን ታውቅና?

ቀስበቀስ፦ እዚህ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት ለመሬት ቀያሽ መሣሪያ ተሸክሜያለሁ። መስታወት፣ መስቀል፣ ብሎን፣ ሥራዬ እሱ ነበር። የማልችለው ተኩሱን ነው። ሲፈነዳ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ኢላማ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ ዝም አልክ?

ቀስበቀስ፦ እንደማውቅ ከታወቀ ያሠሩኛል።

(ብሎኖቹን ሁሉ ያላላል። ስኮፑን ወደ ፊት ይገፋና አራት ጣት ይለካል። መስኮቱ ላይ ጫፉ ብሎን የታሰረበት ክር አንጠልጥሎ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር ያስተካክላል። በየተራ፣ በሰያፍ፣ ትንሽ ትንሽ ያጠብቃል። አቧራውን እፍ ብሎ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋል። ኢላማ አንድም ቃል አይናገርም፤ ይህ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።)

ቀስበቀስ፦ ይመልከቱ። የኋላውን ቀለበት አዞራለሁ፤ ጥርት ሲልልዎት አቁም ይበሉኝ።

ኢላማ፦ ጉም። ጉም። አሁንም ጉም። ትንሽ... አቁም። ጢም አላት።

ቀስበቀስ፦ ነገርኩዎት።

ኢላማ፦ አንድ ጆሮዋ ተቀዷል። ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል። እንዴት ደስ ይላል። (በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል።) ወዴት ትሄዳለች ደግሞ? ወደ ግቢው በር... ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመች። ወረቀቱን መብላት ጀመረች እኮ።

ቀስበቀስ፦ ትብላው። ይተዋት፣ ርቧታል። በቃ፣ ክዳኑን እናድርግለት፤ ፀሐይ ይጎዳዋል።

ኢላማ፦ ቆይ፣ የፈተናው ማስታወቂያ ነው። (ያነባል።) «የሚፈተኑት አገልግሎታቸው አንድ ዓመት ያልሞላ ጥበቃዎች ብቻ...» ምን?

ቀስበቀስ፦ የተበላ ወረቀት አይታመንም፣ ጋሼ።

ኢላማ፦ «ፈታኝና የጥይት ቀዳዳ ቆጣሪ...» (ቀና ይላል።) የእኔ ስም ነው።

ቀስበቀስ፦ የእርስዎ ነው።

ኢላማ፦ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላም ስል ታውቅ ነበር?

ቀስበቀስ፦ ዓርብ ዕለት ላነብልዎት ስል፣ ከሩቅ እንደቆሙ ጥንቅቅ አድርጌ አንብቤዋለሁ ብለው ገፈተሩኝ።

ኢላማ፦ ከዚያ በኋላስ?

ቀስበቀስ፦ ከዚያ በኋላማ አሰብኩበት። ጨፍኖ ለሚተኩስ ሰው የማያይ ፈታኝ ከየት ይገኛል? እግዜር የሰጠኝን ዕድል በገዛ እጄ ወልውዬ አጠራሁት።

(ከውጭ ፊሽካ ይነፋል። ኢላማ ኮፍያውን ያጠልቃል፤ ቁመቱ ይመለሳል።)

ኢላማ፦ ስኮፑን ፈትተህ ስጠኝ። ቀዳዳ የምቆጥረው በእሱ ነው። አንተ በጠመንጃው በራሱ ማነጣጠሪያ ትተኩሳለህ። ዘመዴ ነህ ብዬ አንዲት አልጨምርልህም።

ቀስበቀስ፦ (እየፈታ) አይጨምሩ። ሕግ ሕግ ነው። ከወደቅኩ ግን ማታ ለእህቴ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።

(ኢላማ ስኮፑን ይቀበላል። ያገላብጠዋል። በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ይከተዋል፤ ይቆልፍበታል።)

ኢላማ፦ አምስት ከአምስት።

ቀስበቀስ፦ ገና አልተኮስኩም እኮ፣ ጋሼ።

ኢላማ፦ ብትተኩስስ እኔ በየት በኩል አየዋለሁ?