አቶ ይለመዳልና ሰማያዊው ዓሣ

የማይዋደዱ ሰዎችን አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ካላስቀመጠ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በየዘመዱ አንድ አይጠፋም። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ችግሩ ክፉ አለመሆኑ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በጊዜ እንሸሸው ነበር። ከእኛ ዘመድ ይህን ሹመት የያዘው የእናቴ ወንድም ነው። እኛ የእህትና የወንድም ልጆች ከጀርባው «ክቡር አቶ ይለመዳል» እንለዋለን።

ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነበር። «ጥርሱ ድዴን ፈገፈገኝ» ብሎ የመጣውን ሁሉ በፈገግታ ተቀብሎ፣ «ድድ እኮ ሥጋ ነው፤ ይለመዳል» እያለ ይሸኛል። አንዳንዱ እውነትም ለመደ። ያልለመደው ጥርሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሾርባ እየጠጣ ኖረ። አጎቴ ግን ይህን አልሰማም፤ ሰዎቹ አልተመለሱማ።

በእኔ ሠርግ ቀን ደግሞ በአጥር ወሰን የሚካሰሱ ሁለት ጎረቤቶቼን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «አብረው ከበሉ ይረሱታል» አለኝ በጆሮዬ። አልረሱትም። ፎቶው ላይ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። እሱ መሃል ቆሞ ሁለቱንም አቅፎ፣ ከሙሽራው ይበልጥ ደስ ብሎታል።

ጡረታ ሲወጣ፣ እዚያው ፎቅ ላይ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ክሊኒኩን ይዘጋ ነበርና የእንግዳ መቀበያውን አኳሪየም ሰጠው። ከአንድ ሻንጣ ብዙም የማይበልጥ መስታወት ነው። የባሕር ዓሣ ስለሚኖርበት ውሃው በልዩ ጨው ይበጠበጣል። አጎቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከሚስቱ የስፌት መኪና አጠገብ ተከለው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ መሥሪያ ቤቷ ነው። «እዚህ ቤት የቀረን ባሕር ብቻ ነበር» ብላ ክሯን መርፌው ላይ ሰካች።

ዓሣ ለመግዛት ባልዲ ተሸካሚ ሆኜ አብሬው ሄድኩ። ሻጯ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ መስታወቱ ስንት ሊትር ይይዛል ብላ ነው። ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ አባባ፣ በዚህ ስፋት ማን ያምራል አይባልም። ማን ከማን ጋር ያድራል ነው የሚባለው።»

ነጭ መስመር ያላቸው ብርቱካናማ ጥንድ መረጠችለት። ቀጥላ አሸዋ ላይ የሚውል ፈዛዛ ቢጫ ዓሣ ሽሪምፕ ከምትባል አንዲት ባለብዙ እግር የባሕር ፍጥረት ጋር አሳየችን። ሽሪምፗ ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ጉድጓዱን ትቆፍራለች፤ ዓሣው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሚያስፈራ ነገር ሲያይ ጭራውን ያወዛውዝላትና ተያይዘው ይገባሉ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ጣቱን ወደ አንድ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ዓሣ ቀሰረ።

«እሱስ?»

«እሱ ቤት ሲጠበው ይደባደባል።»

«ይለመዳል።»

«እሱማ ይለምዳል። የማይለምዱት ሌሎቹ ናቸው።»

ያን ቀን ባልዲዬ ትንሽ ነበርና ከሰማያዊው ተርፈን ወጣን።

ለብዙ ወራት ቤቱ ሰላም ሆነ። ቢጫውን ዓሣ ሚስቱ «ዘበኛው» አለችው። ልብስ እየሰፋች፣ «ዘበኛው ዛሬ ገና አልወጣም» «ዘበኛው እየገላመጠኝ ነው» ስትል ደንበኞቿ ገና ሳይለኩ ወደ መስታወቱ ይጎነበሱ ነበር።

ከዚያ አክስቴ ወደቀች። የአጎቴ ታላቅ እህት ናት፤ ብቻዋን ስትኖር ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች። ከሆስፒታል ስትወጣ አጎቴ ማንንም ሳያማክር ወደ ቤቱ አመጣት። አልጋዋ ሳሎን ሲገባ የሚስቱ መቁረጫ ጠረጴዛ ታጥፎ በረንዳ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው አያውቁም። ተዋደውም አያውቁም። አክስቴ ገና በእጮኝነታቸው ጊዜ «ይህች ልጅ ለወንድሜ አትሆንም» ብላ ነበር፤ ነገሩ ለሙሽሪት ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። አሁንም ሚስቱ «እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ስትላት፣ ያቺ «እርስዎ» ግድግዳ ታህል ነበር። አክስቴ ደግሞ የምትረዳ መስሏት ክሮቹን በቀለም ሳይሆን በውፍረት ደርድራ አስቀመጠችላት።

አንድ ቀን ከሰዓት ስጠይቃቸው ሄጄ፣ ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ለአጎቴ ስትነግረው ሰማሁ።

«ማዶ ያለውን ክፍል እንከራይላት። ምግቡን እኔ አመላልሳለሁ። ስለጠላኋት አይደለም። እንዳልጠላት ነው።»

«ይለመዳል» አላት፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ።

እህቱን ለማስደሰት ብሎ ዓሣ ሱቅ ወሰዳት። እሷም እንደማንኛውም ሰው ሰማያዊውን ወደደች። ሻጯ ተከራከረች፤ እሱም የሚለውን አለ። ሰማያዊው በፌስታል ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ክቡር እንግዳ አክስቴ ጭን ላይ ተቀምጦ መጣ።

መጀመሪያ ድንጋዮቹን ያዘ። ከዚያ አሸዋውን ያዘ። ብርቱካናማዎቹ አንድ ጥግ ላይ ተጣበቁ። ዘበኛው ከበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ሰማያዊው ስለሚነክሰው ክንፉ ተቦጫጨቀ፤ ኋላ መውጣቱንም ተወ። አጎቴ ወንበር ስቦ መስታወቱ ፊት እየተቀመጠ ያግባባቸው ነበር። «ተዉ እንጂ፣ ሁላችሁንም ይበቃችኋል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ስትጠርግ ዘበኛውን ከስፌት መኪናው እግር ሥር አገኘችው። ከመስታወቱ ዘሎ ወጥቶ ደርቋል። በእራፊ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

ዝምታዋን መሸከም ያቃታት አክስቴ ነበረች።

«ሰማያዊውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እርስዎን ምን አልኩ፣ እትዬ?»

«ምንም አላልሽም። ይኸው ስንት ጊዜሽ፣ ምንም አላልሽኝም።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ ግን በየፊናቸው፣ አንዷ አልጋው ላይ፣ አንዷ ወጥ ቤት። አጎቴ መሃል ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ቢያይ፣ ማንን ወደ ማን እንደሚያመጣ ጠፋው። አክስቴ በዚያው ሳምንት በከተማው ሌላ ጫፍ ወደምትኖር የድሮ ጎረቤቷ ሄደች። ሻንጣዋን የያዝኩላት እኔ ነኝ። እሱ እስከ መኪናው በር «እትዬ፣ እትዬ» እያለ ተከተላት።

ሰማያዊውን ለመያዝ ድንጋዩን በሙሉ አውጥቶ ውሃውን ማጉደል ነበረበት። ሱቅ ስንመልሰው ሻጯ አልወቀሰችውም። ሌላ ቢጫ ዓሣ እንዳላት ብትነግረው፣ ሽሪምፗ ትቀበለው እንደሆነ፣ ብርቱካናማዎቹ ይረበሹ እንደሆነ፣ መስታወቱ ይጠበው እንደሆነ ጠየቃት። «ምንም አይሆኑም፣ አባባ፤ ይስማማሉ» አለችው። ትንሽ አሰበና «ይቅር» አላት። ባዶ ባልዲ ይዘን ወጣን።

አሁን ሁለቱ ሴቶች በስልክ ያወራሉ። ይሳሳቃሉ እንኳ። ሚስቱ እየሰፋች ስልኩን በትከሻዋ ይዛ «አንቺ ደግሞ» ስትላት ይሰማል፤ «እርስዎ» ቀርቷል። አጎቴ ጋዜጣውን ሳይገልጥ ያዳምጣል። ደስ ብሎት እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «ማዶ ያለው ክፍል እኮ ከመስኮታችን ይታያል» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። በሩን ስትከፍት በምርኩዝ ነበረች።

«ግባ» አለችው። «ግን አልመለስም።»

«አውቃለሁ። እንዴት እንዳደርሽ ልጠይቅሽ ነው።»

ውሎው ይህ ነበር። ሁለቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ስለ ጉልበትና ስለ ዳሌ አወሩ። ማንንም ከማንም ጋር አላስታረቀም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለውና ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ስቀልድበት የኖርኩት ሰው ጭንቅላቱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። መውረጃችን ሲደርስ ልቀሰቅሰው እጄን አነሳሁ፤ መልሼም አወረድኩት። ሰው ወረደ፣ ሌላ ሰው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድን።