ክቡር አቶ ይቻላልና የኔ ሁለት ገጽ

ለትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሸጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ይቻላል» የሚል አንድ ሰው አያጣም። ለኛው «ክቡር አቶ ይቻላል» ብለን ስም ያወጣንላቸው እኛ ፕሮግራመሮቹ ነን፤ በንዴት።

እኛ የምንሠራው ለሁሉም ደንበኛ የሚሆን አንድ ሶፍትዌር ነው። ክቡርነታቸው ግን ከሶፍትዌሩ ጋር ምክርም ይሸጣሉ። ደንበኛው ጋ ሄደው ሦስት ሳምንት ከሠራተኞቹ መሀል ይቀመጡና ብዙ ገጽ «ትንሽ ማስተካከያ» ተሸክመው ከች ይላሉ። የትራንስፖርት ድርጅቱ ስምሪት ሹም መኪናን በታርጋ ሳይሆን በሾፌሩ ቅጽል ስም መፈለግ ያምረዋል፤ ይቻላል። የጎማ አስመጪው ሥራ አስኪያጅ ቀይ ቀለም ያስጠላዋል፤ ይቻላል። የመድኃኒት አከፋፋዩ ንብረት ክፍል ያሉት እናት ዓይናቸው ስለደከመ ፊደሉ ይተልቅላቸው፤ ክቡርነታቸውን ምን ገዷቸው፤ ይቻላል! ላቡ የኛ፣ ምስጋናው የሳቸው።

ዓምና አዲሱ አለቃችን ይሄ ሁሉ ማስተካከያ ያዋጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቂሜን ሰብስቤ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ምክር የሚሉት ነገር ይቅር አልኩ። በወሩ ክቡርነታቸው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ተሰናበቱ።

ማስተካከያው ሁሉ የወጣለትን አዲሱን ሶፍትዌር መድኃኒት አከፋፋዩ ጋ የጫንኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ ኮራሁ። በሳምንቱ እኚያ እናት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሆስፒታል ላኩ። ደግነቱ ሆስፒታሉ ሲረከብ አይቶ መለሰው፤ እሳቸው ግን ከሥራ ታገዱ። ስልክ ስደውልላቸው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ቀኑ አልታየኝም» ነው ያሉኝ።

በማግስቱ ክቡርነታቸው ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ገና ሳልቀመጥ ሁለቱን ገጽ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ተናዘዝኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አለቃህ አሳይቶኛል። ውሸት የለበትም።»

ምነው በሰደቡኝ! አንገቴን ደፍቼ የሴትዮዋን ነገር ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ጃኬታቸውን አነሱ።

«እንሂድ» አሉ። «ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለአለቆቻቸው አንተው ትናገራለህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ሰባት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ «ና፣ አብረን ደንበኛ ጋ እንሂድ» ያሉኝን ጊዜ አልቆጠርኩትም። ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ እላቸው ነበር። አብሬያቸው ስወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።