ለዩኒቨርሲቲ የተላከ ሽማግሌ

ከትዳር የኮበለለና ከትምህርት የኮበለለ ያለ ሽማግሌ አይመለስም! ይህን ሳምን ኖሬያለሁ።

በነገሩ ያለንበት እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ጥረት ማንበብ የተማርኩ አባት። ልጄ ሳሮን፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምራ ያቋረጠችና እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ካሌዶኒያን ሮድ ካፌ የምትሠራ። አቶ ደምሴ፣ የኬንቲሽ ታውን ሰፈር ጎረቤቴ፣ አስታራቂ። ጋሽ ሙሉጌታ፣ ባለታክሲ፣ እንግሊዝኛውም መኪናውም የእሳቸው ነው።

ዩኒቨርሲቲው አዲስ ደንብ አወጣ። ሁለት ዓመት ጨርሶ ያቋረጠ ተማሪ ዲፕሎማ ይሰጠዋል፤ ከፈለገም ተመልሶ ዲግሪውን ይጨርሳል። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል።

«አባዬ፣ እኔ አፕላይ አደርጋለሁ። አንተ አትግባበት» አለችኝ ሳሮን።

አትግባበት! ልጅ አጥፍታ ስትመለስ ይቅርታውን ማን ሊጠይቅላት ነው?

ዓርብ ጠዋት ሦስታችን በሱፋችን ላይ ነጠላ ደርበን ምዝገባ ቢሮ ቆምን። ወጣቷ ሠራተኛ «ተቀመጡ» አለች። እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሴ።

ጋሽ ሙሉጌታ ተረጎሙላት።

«ወገባችሁን አሟችሁ ነው?»

«ልጃችን አጥፍታለች፤ ልጅነት ነው። ማሩልን» አሉ አቶ ደምሴ።

«ከእናንተ አባቷ የትኛው ነው?»

«ልጅ የሁላችንም ናት» አሉ አቶ ደምሴ፣ እንደ ወጉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ የሳሮንንም ሙሉ ስም ነገርኳት።

ሠራተኛዋ ሦስታችንንም አየች... ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች።

«ስለ ተማሪ ለሌላ ሰው አልናገርም። ሦስት ሰው ልጄ ናት ሲል ስለተጠራጠርኩ ማመልከቻዋንም አግጄዋለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ራሷ መጥታ ማንነቷን ካላረጋገጠች ይሰረዛል።»

ደወልኩ። ሳሮን ሥራዋን ጥላ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ እየሮጠች ደረሰች።

«አባዬ! ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ሽማግሌ ነው።»

«ለዩኒቨርሲቲ?! ትናንት እኮ ኦንላይን ሰብሚት አድርጌ ጨርሻለሁ!»

«ያለ ይቅርታ?»

«ማንም አልተቀየመኝም እኮ!»

ፓስፖርቷን አሳየች፤ እገዳው ተነሣ። «ዲፕሎማው ይገባሻል፤ በመስከረም ትመለሻለሽ» አለቻት ሠራተኛዋ። ይህን ጊዜ ሦስታችንም እኩል ተቀመጥን።

«ሽምግልናችን ያዘ» አሉ አቶ ደምሴ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

እውነቱን ልናገር፤ አልያዘም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባልነው እኛ ነበርን። ማመልከቻው በነፃ ነበር። የሳሮን የቀረ የቀን ደመወዝ፣ የጋሽ ሙሉጌታ የቀረ ገበያና የመኪናቸው የማቆሚያ ቅጣት ሲደመር ግን ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ፓውንድ።