ዓይን የሚያርፍበት ምስማር

ሰው ቤታችሁ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የት ላይ እንዲያርፍ ትፈልጋላችሁ?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ስልኬ ላይ ዲኮር የምታስተምር አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ናት የጠየቀችኝ። እሷ ጠይቃ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ መልሳ፣ ስለ መጋረጃ ማውራቷን ቀጠለች፤ እኔ ግን እስካሁን እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ። ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። ለእኔም መስሎኝ ነበር፣ ግቢያችን ውስጥ የሆነው እስኪሆን ድረስ።

እስቲ እውነቱን እናውራ፤ የእኛ ቤት መቼ በዕቅድ ተሰናድቶ ያውቃል? የእኛ ቤት የሚሞላው በሰው እጅ ነው። ሶፋውን ሚዜዎች ተዋጥተው ይሰጣሉ፣ ወይን ጠጅ ይሆናል። መጋረጃውን እህትሽ ትመርጣለች፣ ወርቃማ ይሆናል። የፕላስቲኩን አበባ ከበራችን ማዶ ሱቅ ያላት ሐሊማ ለልጄ ልደት አመጣችልኝ፣ ሐምራዊ ነው። አማቴ እማማ አስካለ ደግሞ ከወለንጪቲ በመጡ ቁጥር በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ይዘው ነው የሚመጡት፤ ሶፋው ዳንቴል፣ ፍሪጁ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል። ዜና አንባቢው ራሱ ነጠላ ደርቦ የሚያነብ ነው የሚመስለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኔ ዕቃ ግን አንድ በአንድ ሲያዩት ያምራል፣ አንድ ላይ ሲያዩት ይጣላል። ከሁሉም በላይ፣ በሩን ስትከፍቱ ፊት ለፊት፣ በወርቃማ ፍሬም የሠርጋችን ፎቶ አለ። ትልቅ ነው። ባሌ ከቁመቱ በላይ ነው የወጣው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልገፋሁም፤ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣብኝ መስመሩ ይጠፋብኛል። ልጅቷ ግን እያሳየች ስለምታስተምር ገባኝ። ለአንድ ክፍል ሦስት ቀለም ይበቃዋል ትላለች። እኔ በራሴ መንገድ ያዝኩት፤ ዋናው ቀለም እንደ እንጀራው ነው፣ ትሪውን ይሸፍናል። ሁለተኛው እንደ ወጡ ነው። ሦስተኛው እንደ ሚጥሚጣ፣ ዳር ላይ ጣል ይደረጋል። የእኔ ቤት በዚህ ሲመዘን ሚጥሚጣ በሚጥሚጣ ሆኖ ተገኘ። ዋናውን አመድማ ላድርገው ብዬ ወሰንኩ፤ ዘመኑ የአመድማ ነው ብላለች። ጉድ ያመጣው ግን ሌላው ትምህርቷ ነው፦ «ቤታችሁን ከማሳመራችሁ በፊት ባዶ አድርጉት። የተጨናነቀ ቤት የጎደለውን አይናገርም።»

ባሌ ደረጀ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ጭኖ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያራግፋል። የሹፌር ሚስት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጸሎታችን አጭር ነው፤ ስልኩ ይጥራ። ደረጀ አዋሽ ደርሶ ሳይደውልልኝ አልፎ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ግን መድረስ የነበረበት ሰዓት አለፈና ራሴ ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊያገኟቸው አይችሉም» አለችኝ ያቺ ሴትዮ። አመሻሽ ላይ ደወልኩ፣ ያችው ናት። ሲነጋም ያችው። ድምጿ ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም፣ አይጨነቅም። እሷ ምን አለባት።

ለማንም አልተናገርኩም። ክፉ ነገር ስሙን ከጠሩት ይመጣል ብለው ነው ያሳደጉኝ። ታዲያ ጭንቀት በየሰዉ ላይ መልኩ ልዩ ነው፤ አንዱ ይተኛበታል፣ አንዱ ይበላበታል፣ እኔ ዕቃ አነሳበታለሁ። ቀለሙና መቀቢያው ሩሎ ተገዝተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የአዳማ ፀሐይ ሳይበረታ ብዬ ጀመርኩ።

ሶፋውን ጎትቼ በረንዳ ላይ አወጣሁ። መጋረጃውን አወረድኩ። ዳንቴሎቹን ሰብስቤ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩ። ፎቶውን አወረድኩና መስታወቱ እንዳይሰበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። ልጄ ሜሮን እንቅልፍ ላይ ስለነበረች ፍራሿን አምጥቼ ግድግዳውን ተጠግቶ መሬት ላይ ዘረጋሁት። አቧራው ፀጉሬን እንዳይነካው በእጄ የገባውን ጥቁር ሻሽ አሰርኩ። ዓይኔ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። አሁን እስቲ እናንተ በበሩ አጮልቃችሁ እዩኝ፤ ሶፋ ወጥቷል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ፎቶ ፊቱን አዙሯል፣ ሴትዮዋ ጥቁር አስራለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል። ባሏ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?

የግቢያችን ባለቤት አዴ ጫልቱም እሱኑ አሉ። አሉ ማለቴ፣ ምንም አላሉም። ወተት ይዘውልኝ እየመጡ ነበር። በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው በቀጥታ ፎቶው የነበረበት ቦታ ላይ ሄደ፤ ቀለሙ ሳይለቅ የቀረ ትልቅ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ አንድ ምስማር። ወተቱን እንደያዙ፣ ሳያናግሩኝ ተመለሱ።

«ቀለሙን ጠልተውት ነው» ብዬ ሩሎዬን ነከርኩ።

አንዱን ጥግ ቀብቼ ሳልጨርስ እግር ሰማሁ። ዞር ስል አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ነጠላቸውን ለልቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረዋል። ከኋላቸው ሐሊማ፣ ከእሷ ኋላ የዕድራችን ዳኛ አቶ በቀለ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ማንም አይናገርም። እኛ ጋ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፤ መምጣቱ ራሱ ነው ቃሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሩሎው ከእጄ ወደቀ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ደረጀ!»

አዴ ጫልቱ ስሙን ሲሰሙ እቅፍ አድርገውኝ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምነው ብቻሽን ያዝሽው?» እያሉ አለቀሱ። ሐሊማ ተከተለች። ሜሮን ነቅታ በእኛ ላይ ጨመረችበት። አሁን ሳስበው እነሱ ከእኔ ሰሙ፣ እኔ ከእነሱ ሰማሁ። መሐል ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የሰፈራችን ሰው ለደስታ ይዘገያል እንጂ ለልቅሶ ማን ይቀድመዋል። ጡሩምባው ሳይነፋ ግቢው ሞላ። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች በጋሪ መጡ። ወደ ወለንጪቲም ተደወለ። እኔ ፍራሹ ላይ ሜሮንን ታቅፌ ተቀምጬ በበሩ የሚገባውን አያለሁ፤ የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ እኔን አያይም። ያንን ባዶ አራት ማዕዘን ያያል፣ ከዚያ ያለቅሳል። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ያልገባኝ ያኔ ገባኝ። እዚያ የተሰቀለውን ያን ያህል ዘመን ማንም አላየልኝም ነበር። ባዶውን ግን ማንም አላለፈውም። እኔም ጭምር፤ በየቀኑ አቧራውን ስወለውልለት የባሌን ፊት መቼ አይቼው አውቃለሁ?

ከዚያ አቶ በቀለ ቀስ ብለው አዴ ጫልቱን ጠየቁ። አደጋው የት ላይ ነው? አስከሬኑን ማን ያመጣል? አዴ ጫልቱ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ እሳቸው አየሁ። እሳቸው ወደ ሐሊማ። ሐሊማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ከአዴ ነው የሰማሁት» አለች። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክብሪት ጫር አለ፤ ተስፋ ብዬ ልጠራው ፈራሁ። ቢጠፋስ?

ልጠይቅ አፌን ስከፍት ከግቢው በር በኩል ጩኸት ተሰማ። የወንድ ጩኸት ነው። ወንድ ሲጮህ ደግሞ ያስፈራል። «ማን ነው? ማንን ነው ያጣሁት? እናቴን ነው? ልጄን ነው?»

ደረጀ ነበር። ትከሻው ላይ የነበረውን ጥቅል ምንጣፍ ጥሎ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሶፋውን በረንዳ ላይ እያየ ይጮሃል። የገዛ ልቅሶው ላይ መጥቶ ከሁሉም በላይ የሚያለቅሰው እሱ ሆነ። ወንበር ላይ ያለው ሰው እሱን ሲያይ ደግሞ ልቅሶው ወደ ሌላ ጩኸት ተለወጠ። ሐሊማ ቢስሚላህ እያለች ወደ ኋላ ሸሸች። አዴ ጫልቱ ግን ሄደው ክንዱን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው። ሥጋ መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ «ሰውዬ፣ ስልክህ የት ገባ?» አሉት።

እኔ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጉንጩን በሁለት እጄ መያዜን ብቻ አስታውሳለሁ። ስለቀው ሁለት አመድማ መዳፍ ፊቱ ላይ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ሊያይ ሲወርድ ስልኩን ጥሎት፣ የራሱ መኪና ሄደበትና ደቀቀ። ከሰው ስልክ አይደውልም ነበር ወይ ብትሉ፣ ቁጥሬን በቃሉ አያውቀውም። የጎማውን አየር ልክ ያውቃል፣ የሚስቱን ስልክ አያውቅም። ይሄንን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን ብዬዋለሁ።

እማማ አስካለ በሚኒባስ ደረሱ፤ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡና ልጃቸውን ቆሞ አዩት። መጀመሪያ በጥፊ መቱት። ከዚያ አቀፉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «ዳንቴሎቹስ?» አሉኝ።

የመጣው ሰው ለልቅሶው የተቀቀለውን ንፍሮ በልቶ፣ ስቆ ሄደ። ወንበሮቹ ግን እስከ ማግስቱ ቆዩ። አንድ ነገር ልንገራችሁና አትሳቁብኝ፤ የዕድሩ አግዳሚ ከግድግዳዬ ቀለም ጋር ከሶፋዬ ይልቅ ይሄድ ነበር። ደረጀ ያመጣው ምንጣፍ ደግሞ ቀይ ነው፣ መሐሉ ላይ ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ አለበት። እንጀራ፣ ወጥ፣ ሚጥሚጣ ያልኩት ሁሉ ፈረሰ። ዘረጋሁት። ሰውየው እየተራመደበት ስላየሁት ምንም አልከፋኝም።

የቀረችኝ ያቺ ምስማር ናት። እማማ አስካለ የተለቀሰበት ፎቶ በዚያው ምስማር አይመለስም፣ ምስማሩም ይነቀል አሉ። አዴ ጫልቱ በበኩላቸው በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል፣ ዛሬውኑ ስቀይው ይሉኛል። የዲኮሯን ልጅ ጻፍኩላት፤ የሠርግ ፎቶ ቦታው መኝታ ቤት ነው ብላ መለሰች። ደረጀ ግን ከውጭ በገባ ቁጥር በሩ ላይ ትንሽ ቆም ይልና ወደዚያ ያያል። ሳየው ያመኛል። ብሰቅለው ያንን ማለዳ እያሳየኝ ይኖራል፤ ብተወው ባዶው ያስታውሰኛል።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተመልሶ ወደ ጅቡቲ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ማየት አለበት፣ እኔም እሱ ከወጣ በኋላ የማየው ያስፈልገኛል። እናንተ ባል መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ቤት ማሳመር የምታውቁ፣ ወይም ሁለቱም የሆናችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ፤ እዚያች ምስማር ላይ ምን ልስቀል?