የአሥራ ሰባት ቁጥር ክብር

ክብር ከውሃ ይበልጣል። ይህን ያስተማሩኝ ሁለቱ የከተማችን ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ የውሃ አገልግሎት ኃላፊው ላይል ሃካራይነንና የምክር ቤት አባሉ ሮሊ ስኮግሉንድ። ዕድሜ ይስጣቸው።

በውሃ አገልግሎታችን ውስጥ መሣሪያዎቹ በሽቦ ይነጋገራሉ። እንዳይምታታባቸው ለእያንዳንዱ አይፒ የሚሉት አድራሻ ይሰጠዋል፤ መጨረሻው ላይ ቁጥር አለው። ላይል በወጣትነቱ ለከተማችን የበረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወት ማሊያው 17 ነበር። ስለዚህ ኮረብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር መሙላቱን ለሚናገረው መሣሪያ 17ን ሰጠው። ማን ይከለክለዋል? ሮሊ ደግሞ ከእሱ በኋላ 17ን ለብሶ የፊት ጥርሶቹን ያጣ ጀግና ነው። ባለፈው በጋ ለሐይቁ ዳር አዲስ ፓምፕ ሲለግስ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓምፑም 17 ይሁንልኝ።

ሆነለት። ከዚያ ወዲህ መቆጣጠሪያ ክፍሉ «17፣ ሞልተሃል?» ብሎ ሲጠይቅ አንዳንዴ ታንከሩ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ፓምፑ። ፓምፑ ስለ ታንከር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን እንደ ምክር ቤት አባል ሳያውቅም ይመልሳል። «ገና ነኝ» ይላል። ውሃው ይጨመራል፣ ታንከሩ ሞልቶ ይፈሳል፣ የፈሰሰው በብርዱ በረዶ ሆኖ በኮረብታው መንገድ ላይ ይጋገራል። ከተማችን ሳታስበው የበረዶ መንሸራተቻ አገኘች።

እኔን የከነከነኝ ትንሽ የግል ጉዳይ ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የምትሠራው የልጅ ልጄ ካይሳ ናት፤ መንታ አርግዛለች። ስክሪኑ ስለማይታመን ታንከሩን በዓይኗ ልታይ ያንን በረዶ ሽቅብ ትወጣለች። እኔ በመስኮት ሆኜ እያንዳንዷን እርምጃ አብሬያት እረግጣለሁ። ጉልበቴ የሚያመኝ ከዚያ ነው።

ጉዳዩ ምክር ቤት ቀረበ። ካይሳ ሆዷን ደግፋ ተነሳች።

«ሁለት ቤት ላይ አንድ ቁጥር ብትለጥፉ ፖስተኛው ምን ያድርግ? አንዱን 18 ላድርገው። ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።»

አዳራሹ የሞት መርዶ የሰማ መሰለ።

«18 የጎርዲ ማኪ ቁጥር ነበር» አለ ሮሊ ቀስ ብሎ። «ጎርዲ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው ትምህርቱን የጨረሰው።»

«እንግዲያው ያንተ ፓምፕ 19 ይሁና» አለ ላይል።

«የኔ? ያንተ ነው እንጂ። ያቺ የምታወራላት ጎል እኮ የተከላካዩን እግር ነክታ ነው የገባችው።»

«አንተስ ጥርስህን የሰበርከው ሜዳ ውስጥ ነው? መኪና ማቆሚያው ጋ አይደል የወደቅከው?»

ሊቀመንበሯ መዶሻዋን መታች። «ሁለት ባላ ትከል ተብሏል። አንዱ 17 ቢሰበር በሌላው እንንጠለጠላለን።» ምክር ቤቱም የጉዳዩን ክብደት ከግምት በማስገባት፣ ሁለቱም 17ዎች በያሉበት እንዲጸኑ፣ ለካይሳም ጥርስ ያለው የበረዶ ጫማ እንዲገዛላት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ተጨበጨበ።

በዚያው ሳምንት ካይሳ ኮረብታው ላይ ወደቀች። ጫማው ግን ግሩም ነው፤ አንድ ጥርሱ እንኳ አልተነካም። ሐኪሙ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሁለተኛ ብትወድቅ ግን ኃላፊነት አልወስድም አለ። እኔ ካፖርቴን ደርቤ በቀጥታ ላይል ቢሮ ገባሁ።

«ላይል፣ በሆኪ አንድ ቁጥር እጅግ ሲከበር ምን ይደረጋል?»

«ጡረታ ይወጣል፣ እማማ ሂልያ። ማንም እንዳይለብሰው ማሊያው የመጫወቻው ጣሪያ ላይ ይሰቀላል።»

«ታዲያ የእናንተው ለምን ቀረበት? አንሶ ነው?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እንዲህ ሆኖ 17 በታላቅ ሥነ ሥርዓት፣ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ታጅቦ ከመሣሪያ አገልግሎት ተሰናበተ። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። እነሱ ሲያለቅሱ ካይሳ ለመሣሪያዎቹ ማንም ለብሷቸው የማያውቅ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሰጠቻቸው። ታንከሩ ከዚያ ወዲህ አልፈሰሰም። ላይልም በንግግሩ «ውሃችንን ያዳነው ክብር ነው» አለ፤ አላረምኩትም።

ካይሳ በሰላም ተገላገለች፤ ሁለት ወንዶች፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ። ላይል ትንሽዬ የሆኪ ማሊያ ይዞ መጣ። ሮሊም ትንሽዬ ማሊያ ይዞ መጣ። ሁለቱም 17።

«ጡረታ ወጥቷል አልተባለም?» አለች ካይሳ።

«ለመሣሪያ ነዋ» አለ ሮሊ። «ለሰው ማን ከለከለ?»

አሁን ልጆቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ትናንት አንዱ 17 ሲያለቅስ ሰማሁና እየተጣደፍኩ አንስቼ ጡጦውን አጎረስኩት። የተራበው ያኛው 17 ኖሯል። ያነሳሁት ጠግቦ ስለነበር ሞልቶ ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

ካይሳ ከሥራ ስትገባ ቀሚሴን አይታ ሳቀች። «አያቴ፣ ለአንዱ 18 የተጻፈበት ማሊያ እንግዛለትና እንገላገል።»

«የጎርዲ ማኪን ቁጥር?» አልኳት። «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አይቀመጥም።»