ሲፈንን ለማሳቅ ሦስት ቀን

ሕፃን ማጫወት ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልጅ የሌላቸውና ልጃቸው የምታውቃቸው። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። ስምንት ወር የሞላት ልጅ አለችኝ፤ ስሟ ሲፈን ነው፤ ስታየኝ ታለቅሳለች።

የኮምባይነር ሹፌር ነኝ። ስንዴ ሲደርስ ከኢተያ ተነስተን፣ ሳጉሬን አጭደን ጮሌ እስክንገባ ድረስ የሰው አዝመራ ስሰበስብ የገዛ ቤቴን የማየው በስልክ ብቻ ነው። ዘንድሮም ሁለት ወር ሞላኝ። በመጨረሻ ማሽኑ ቺንጋ የምንለውን ቀበቶውን በጠሰና ዕቃው እስኪመጣ የሦስት ቀን ዕረፍት አገኘሁ። ማሽኑ ስለተበላሸ ፈጣሪውን ያመሰገነ ሹፌር ካለ እኔ ነኝ።

አሰላ እንደወረድኩ በቀጥታ ቤት አልሄድኩም። ልጄን በላብና በእብቅ ልስማት? ገላዬን ታጠብኩ፣ ፀጉር ቤት ገብቼ የሁለት ወር ጢሜን ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ፣ ሽቶም አልቀረኝ። ሙሽራ መስዬ በሩን ስከፍት ሲፈን አንዴ አየችኝና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። ባለቤቴ ብርቄ ትለምድሃለች፣ ብቻ አጫውታት አለችኝ።

በምን ላጫውታት? የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ገብስ ጨምሬ አንሿሿሁላት፤ ፕላስቲኩን ተቀበለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ድስት ደፍቼ በጭልፋ ደበደብኩ፤ የመለሰልኝ የጎረቤት ውሻ ብቻ ነው። በማግስቱ ጨብ ጨብ አልኩ፣ ዘፈንኩ፣ በአራት እግሬ እየዳኽሁ እንደ ጥጃ እምቧ አልኩ። ገበሬ ሁሉ ወረፋ የሚለምነው ሹፌር ምንጣፍ ላይ እምቧ ሲል አስቡት እስቲ! ሲፈን ወደ እናቷ ዳኸች።

ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ቀረሁ። ከፋኝ፤ ቀልድ አይደለም፣ በጣም ከፋኝ። ደም ይስባል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛን ደም ምን ነካው? አንድ ጊዜ እንኳ ወድዳ እቅፌ ሳትገባ ልሄድ ነው። ስመለስ በእግሯ መሄድ ትጀምር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሩጫ ልትሸሸኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን አዴ ሎሚ መጡ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ጭንቀቴን ስነግራቸው ሳቁብኝ። ኩኩሉ የማይወድ ሕፃን የለም፤ ፊትህን ሸፍን፣ ከዚያ ግለጥ፣ በቃ አሉኝ። እኔም ከሻንጣዬ የሥራ ፎጣዬን አውጥቼ ዓይኔ ብቻ እስኪቀር ተጠመጠምኩ።

ሲፈን አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ በሳቅ ተንከተከተች። በደስታ ገለጥኩት፤ አለቀሰች። ሸፈንኩ፤ ሳቀች። ገለጥኩ፤ አለቀሰች። አዴ ሎሚ ሰባት ልጅ ሳሳድግ እንዲህ ያለ ኩኩሉ አላየሁም ብለው አፋቸውን ያዙ።

ይሄኔ ብርቄ ግንባሯን መታች። ለካ በየቀኑ ምሳ ሰዓት በስልኩ ቪዲዮ ስታገናኘን፣ አባዬ ያውልሽ እያለች የምታሳያት እብቁን ፈርቶ የተሸፋፈነ ሰው ነው። ድምፄን ደግሞ ሞተሩ ይውጠዋል።

"እሷ የምታውቀው አባቷ ይሄ ነዋ" አለችኝ።

ለካ ከፎጣው ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቼው የመጣሁት አባትነቴን ኖሯል! ምን ላድርግ? ያን ቀን በገዛ ቤቴ ሽፍታ መስዬ ዋልኩ። ሲፈን እቅፌ ውስጥ ገባች፣ ጆሮዬን ጎተተች፣ ደረቴ ላይ ተኛች። እኔም ከፎጣው ሥር አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ሳይሄድብኝ ብዬ ፎጣውን ፈትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩና ተነሳሁ። ሲፈን እሪ አለች። ልቤ ሞላ፤ ልጄ ስሄድባት ማልቀስ ጀመረች! ሻንጣዬን አስቀምጬ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን በእጄ ሥር ሾልካ ሻንጣው ላይ ተለጠፈች።

 ብርቄ አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችኝ፦

"አንተ እንኳ ሂድ፤ ፎጣውን ግን ተውልን።"